ሃይላንድ፣ ነጠላ ጫማና አንድ ድንች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። የ12 ዓመት ሴት ልጅና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ከትምህርት ገበታ ከራቁ ወዲህ ቤት ውስጥ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። ንባቡም ሒሳቡም ደህና እየሄደ ነው። ትንሹ ግን ሥራው ያገኘውን ዕቃ መፈታታት ሆኗል። ባለፈው የአባቱን ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ መግጠም አቃተው፤ አባቱም ተቆጣ። እኔ ልከለክለው አልፈልግም። ግን ስለ ፈጠራ የማውቀው ነገር የለም፤ ዕቃ የምገዛበት ገንዘብም የለኝም። ከየት ልጀምር?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ። አስቀድመሽ ለአባትየው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኔም በልጅነቴ የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ የቀመስኩትን አለንጋ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ምንም አትግዢ። አንድ ባዶ ካርቶን በር አጠገብ አስቀምጪና የሚጣለውን ሁሉ እዚያ ክተቱ። ባዶ ሃይላንድ፣ ያለቀለት ነጠላ ጫማ፣ ቆርኪ፣ ሽቦ፣ የክር ቁራጭ፣ ምንም አይናቅም። ከሳምንት በኋላ ካርቶኑ ይሞላል።

መጀመሪያ የውኃ መዘውር ይሥሩ። የነጠላውን ሶል በሲኒ አፍ ለክተው ክብ አድርገው ይቁረጡት። ዙሪያውን 8 ቦታ ይሰንጥቁትና ከሃይላንዱ ሆድ የተቆረጡ፣ ጣት የሚያህሉ ቅጠሎች ይሰኩበት። ሃይላንዱ ራሱ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ውኃውን እንደ ማንኪያ ይይዛል። ክቡን መሐሉ ላይ ብሱና ቀጥ ያለ የሸምበቆ ወይም የቀርከሃ እንጨት አሳልፉበት። እንጨቱን በሁለት ባላ ላይ አጋድሙት። ጫፉ ላይ ክር እሰሩ፤ በክሩ ትንሽ ድንች አንጠልጥሉ። ክረምት ከሆነ ከአሸንዳው ሥር ይቀመጥ። በጋ ከሆነ አንዱ በጆግ ያፍስስ።

ድንቹ ግን በመጀመሪያው ቀን ላይወጣ ይችላል። መዘውሩ እየዞረ እንጨቱ ቆሞ ይቀራል። ትንሹ «ይዞራል ግን አይስብም» ብሎ ይናደዳል። ምክንያቱን ላንቺ ብቻ በጆሮሽ ልንገርሽ፦ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ እንጨቱ አብሮ አይዞርም። ለእሱ ግን እንዳትነግሪው! «እስኪ ክቡንና እንጨቱን አስተውል፣ የቱ ነው የሚዞረው?» በይውና ዝም በይ።

ይህን አጥብቄ የምልሽ ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። አስተማሪ ሳለሁ አንድ ተማሪ ለኤግዚቢሽን ቀን መዘውር ሠርቶ መጣ። ወገቡ ተጣሞ እየተወላገደ ይዞራል። ልጁ እንዲደሰት ብዬ ማታ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩለት። ጠዋት ሲያየው «ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ የእርስዎ ነው» አለኝና ጠረጴዛውን ትቶ ሄደ። ያን ቀን ሰው ሁሉ መዘውሩን ሲያደንቅ እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ድንቹ ከወጣ በኋላ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ውኃው ከጉልበት ከፍታ ሲፈስስና ከትከሻ ሲፈስስ ድንቹ በስንት ቁጥር ይወጣል? 8ቱ ቅጠል ወደ 4 ቢቀነስስ? ደብተር ላይ ይጻፉት። ከከፍታ የወረደ ውኃ ፍጥነቱ ስለሚጨምር አመታቱም ይበረታል። እዚሁ ጎጃም ጢስ ዓባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የኃይል ማመንጫ የሚሠራው በዚሁ ነው። ከፏፏቴው በላይ የተጠለፈ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ተርባይን ያዞራል። እዚያ ተርባይኑ የሚያዞረው ጄኔሬተር ነው፤ እናንተ ዘንድ ድንች ይጎትታል።

እግረ መንገዴን፣ ልጅቷን ጸሐፊ እንዳታደርጊያት። እሷም ትቁረጥ፣ እሱም ይጻፍ።

ሁለተኛው ሥራ አጭር ነው። ሚስማር ላይ ሽፋን ያለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ 50 ዙር ይጠምጥሙ፤ ሁለቱን ጫፍ ልጠው ከአንድ የባትሪ ድንጋይ ጋር ያገናኙ። ሚስማሩ መርፌ ያነሣል። ስንት መርፌ? 100 ዙር ቢሆንስ? ሽቦው ስለሚግል ከጥቂት ሰኮንድ በላይ እንዳያቆዩት።

አሁን ወደማስፈራራቱ ልምጣ። ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት በጭራሽ አይነካም። የሞባይል ባትሪ አይወጋም፣ አይቀጠቀጥም፤ እሳት ይነሣበታል። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ዓይን ያጠፋል። ምላጭና ቢላዋ ካንቺ ጋር ብቻ። ከዚህ ውጪ ጣት ቢላጥ አትደንግጪ።

ሬዲዮውን በተመለከተ፣ ድንጋዩ ከወጣ መፍታቱ አያሰጋም፤ ገመዱ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ግን አይነካ። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ከእንግዲህ አንድ ብሎን በፈታ ቁጥር ከየት እንደወጣ በወረቀት ይሣልና ብሎኑን እዚያው ሥዕሉ ላይ ያስቀምጠው። ሲገጥም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። አባቱም አንድ እሑድ አብሮት ይቀመጥ፤ ቁጣው የሚበርደው ያኔ ነው። ካልተገጠመም አትጣሉት። ከስፒከሩ ጀርባ ጠንካራ ማግኔት አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ ይግባ።