የተበላሸውን ኢንዛይም ለምን ያግዱታል?

«አጎቴ የደም ካንሰር አለባቸው፣ አይዲኤች1 የሚባለው ኢንዛይም ተበላሽቷል አሉን። ታዲያ የተበላሸን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት ምን ይሠራል?» ላልሽው፦ ኢንዛይሙ አልሞተም። ሥራ ነው የቀየረው።

ጤነኛው አይዲኤች1 አይሶሲትሬትን ወደ አልፋ-ኬቶግሉታሬት ይለውጣል። የተቀየረው ደግሞ ያንኑ አልፋ-ኬቶግሉታሬት ወስዶ 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት የሚባል ሌላ ነገር ያመርታል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ይሄ ነገር ሴሉ ውስጥ ሲከማች ከዲኤንኤ ላይ የሜቲል ምልክት (ጂን የሚዘጋ ኬሚካላዊ ምልክት) የሚያነሱትን ኢንዛይሞች ያግዳል፣ ለመብሰል የሚያስፈልጉ ጂኖች ተዘግተው ይቀራሉ፣ ያልበሰለው የደም ሴልም እንደ ጥሬ መባዛቱን ይቀጥላል።

የጠየቅሽው ዓይነት መድኃኒት፣ አይቮሲዴኒብ፣ የሚያስቆመው ይህን ምርት ነው። ሴሉን እንደ ኬሞ በቀጥታ አይገድልም፣ እንዲበስል መንገድ ይከፍትለታል። እኔ በጣም የምወደው ሐሳብ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የምርመራ ውጤቱ ላይ ከአይዲኤች ቀጥሎ ያለውን ቁጥር በደንብ እዪ፤ አይዲኤች2 ለሚባለው ተቀራራቢ ኢንዛይም የሚሰጠው ሌላ መድኃኒት ነው፣ ኤናሲዴኒብ።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። የቅርብ ሰው ሳስታምም ያየሁት ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ባሉት ሳምንታት ወይም ወራት ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ እብጠት ወይም ድንገተኛ የኪሎ መጨመር ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሴሎቹ በአንዴ መብሰል ሲጀምሩ የሚመጣ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ችግር ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ለሐኪማቸው ደውሉ። እኛ ሁለት ቀን ጠብቀን ነበር።