«እኔ ሳስኬዳት ትሠራለች፣ ከብራውዘር ግን እምቢ»

የደረሰኝ ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ባለ ቢሮ የኮምፒውተሩን ሥራ የምይዘው እኔ ነኝ። ኡቡንቱ ላይ አፓቼ የሚባለውን የዌብ ሰርቨር ጭኜ፣ ሠራተኞች ስካን ያደረጉትን ደረሰኝ በብራውዘር የሚያስገቡባት ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት በሲጂአይ (ከብራውዘር ጥያቄ ሲመጣ አፓቼ ስክሪፕቱን በሚያስኬድበት መንገድ) አስነሣሁ። ደረሰኙን ሒሳብ ክፍል ባለው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ሼር ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለች። ተርሚናል ላይ ሳስኬዳት ትሠራለች። ከብራውዘር ግን ኤረር 500፣ የሰርቨር ስህተት። ለሁሉም ፋይል 777፣ ለማንም ክፍት የሆነውን ፈቃድ፣ ሰጠሁ፤ ወይ ፍንክች።»

አንተ ልበልህ፤ ድሬ ላይ «እርስዎ» ሲሉት የሚደነግጥ ብዙ ነው።

መጀመሪያ 777ቱን መልሰው። ለስክሪፕቷ 755፣ ለተራ ፋይል 644 ይበቃል፤ በሁለቱም መጻፍ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። 777 ማለት ሰርቨሩ ላይ የገባ ሁሉ ስክሪፕቷን መቀየር ይችላል ማለት ነው። ሱኤግዜክ የሚባለው ሞጁል በርቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ሊጽፍባት የሚችል ስክሪፕት ጭራሽ አላስኬድም ይላል። እንዲያውም 777 ራሱ 500 ያመጣብሃል።

ነገሩ ያለው «እኔ ሳስኬዳት ትሠራለች» ያልከው ላይ ነው። ተርሚናል ላይ የምትሄደው በአንተ ስም ነው። ከብራውዘር ሲመጣ የሚያስኬዳት አፓቼ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ዩዘሩ «ደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ ዳታ» ይባላል። ለአንተ የተከፈተው በር ለእሱ አልተከፈተም። ስለዚህ ሱዱ (በሌላ ዩዘር ስም የሚያስኬደው ትእዛዝ) ላይ «ዩ» የሚለውን ምርጫ ጨምረህ፣ በእሱ ስም አስኪዳት። ስህተቱ እዚያው ዓይንህ ሥር ይመጣል።

«ዩ» በሌለው ባዶ ሱዱ ግን እንዳትሞክር። እኔ አንዴ ከዚራ ውስጥ አንድ ቢሮ፣ ቬንቲሌተሩ ትኩስ አየር እየረጨብኝ፣ ስክሪፕቱን በሱዱ ሞከርኩት። ሠራ። ደስ ብሎኝ ምሳዬን በላሁ። ስመለስ ቢሮው በሙሉ ኤረር። ለካ በሱዱ ሳስኬደው የሎግ ፋይል ፈጥሯል፤ የፋይሉ ባለቤት ሩት፣ የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ፣ ነው፤ አፓቼ ሊጽፍበት አልቻለም። በገዛ እጄ ነው የቆለፍኩት።

አሁን የአፓቼን ኤረር ሎግ ክፈት። «ቫር» ውስጥ፣ «ሎግ» ውስጥ፣ «አፓቼ2» የሚለው ፎልደር ጋ ነው። ከሌላ ኮምፒውተር ደረሰኝ አስገባና የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብብ። ፋይሉ እያለ «ኖ ሰች ፋይል» ካለ፣ ስክሪፕቷን ዊንዶውስ ላይ ጽፈሃታል፤ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ቀርቷል፤ በ«ዶስ ቱ ዩኒክስ» አጽዳው። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለና ከጎኑ የሼሩን አድራሻ ከጠቀሰ ግን፣ የጠረጠርኩት ደርሷል።

ሼሩን እንዴት ነው የከፈትከው? ፋይል ማናጀሩ ላይ በማውስ ተጫን ተጫን አድርገህ ከሆነ፣ ያ ሼር የአንተ የግል ነው። አፓቼ ቀርቶ ሩት እንኳ አይገባበትም። ሎግ አውት ስታደርግም ይጠፋል። በትእዛዝ ማውንት አድርገኸው (ሼሩን ከሰርቨርህ አንድ ፎልደር ጋር አያይዘኸው) ከሆነ ደግሞ የፋይሎቹ ባለቤት ማን እንደሚባል የሚወሰነው በማውንቱ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ 777 ብትል ሳያጉረመርም ይቀበልሃል፤ ምንም ግን አይቀየርም። ፍንክች ያላለው ለዚህ ይመስለኛል።

መፍትሔው «ኤፍኤስታብ»፣ ሰርቨሩ ሲነሣ ምን ማውንት እንደሚያደርግ የሚጻፍበት ፋይል፣ ላይ ነው። ሼሩን በሲፍስ (የዊንዶውስ ሼር) ዓይነት አስገባ፤ ባለቤቱንም ግሩፑንም የአፓቼውን ዩዘር አድርግ፤ የፎልደር ሞድ 0770፣ የፋይል ሞድ 0660። የዊንዶውሱን ፓስወርድ እዚያው አትጻፍ። ለብቻው ፋይል አድርግለትና 600 ስጠው።

ከዚያ ወደ ሒሳብ ክፍል ውረድ። ዊንዶውሱ ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አካውንት ክፈት፤ የሒሳብ ሠራተኛዋን አካውንት አትዋስ፤ ፓስወርዷን የቀየረች ቀን ደረሰኙ ይቆማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ዊንዶውስ ላይ ፈቃድ ሁለት ቦታ ይሰጣል። አንዱ የሼሪንግ ነው፣ ሌላው የሴኩሪቲ። አንደኛው «ማንበብ ብቻ» ካለ የሌላኛው ልግስና ዋጋ የለውም፤ የሚሠራው ጠባቡ ነው። መገላ ያለ ቤት ቁልፍ ሰጥተኸኝ ወደዚያ የሚያሻግረኝን የደቻቱን ድልድይ ብትዘጋብኝ እንዴት እገባለሁ? ሼሪንጉ ላይ «ቼንጅ»፣ ሴኩሪቲው ላይ «ሞዲፋይ» ስጠው።

ሁሉንም ጨርሰህ በአፓቼው ዩዘር ስም ሼሩ ላይ አንድ ባዶ ፋይል ፍጠር። ከተፈጠረ ብራውዘሩም ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨርህ ራሱ ይነሣ ይሆናል፤ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር ግን ሰው መጥቶ እስኪያበራው ይጠብቃል። ያኔ ሼሩ ማውንት ሳይሆን ይቀራል፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ፎልደር የሩት ነው፤ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ፈቃድ አትነካካ። የዊንዶውሱን ኮምፒውተር አብርተህ ሼሩን እንደገና ማውንት አድርገው።