ፕሮግሬሲቭ ፕሬስን ስለ መምረጥና ስለ ማስተካከል፤ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

ወደ አዳማ ተመልሼ ከመግባቴ በፊት በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት ለረጅም ዓመታት ስኖር፣ ለዒላማ ተኩስ የምጠቀምበትን የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት በጋራዤ ውስጥ ራሴ እሞላ ነበር። እዚያ የቀሩ ወዳጆቼና የወዳጆቼ ልጆች አሁንም ስለዚሁ ሥራ ስለሚጠይቁኝ፣ ጥያቄዎቻቸውን ሰብስቤ በአንድነት ለመመለስ ወስኛለሁ። ቀለህ ስል ከተኩስ በኋላ የሚወድቀውን የናስ ዕቃ፣ አረር ስል ከአፈሙዝ የሚወጣውን፣ ፕራይመር ስል ደግሞ በቀለሁ መቀመጫ መካከል ገብታ በመርፌ ስትመታ እሳት የምትሰጠውን ትንሽ ክብ ተቀጣጣይ ማለቴ ነው። መሙላት የምለው የተተኮሰውን ቀለህ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ሰጥቶ እንደገና ጥይት ማድረግን ነው፤ ፕሬስ ይህ የሚሠራበት በእጀታ የሚጎተት ማሽን፣ ዳይ በማሽኑ ላይ ተጠምዞ ቀለሁን የሚቀርጽ ወይም አረሩን የሚያስቀምጥ የብረት መሣሪያ፣ ጣቢያ ደግሞ አንዱ እርምጃ የሚከናወንበት ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ እዚሁ አዳማ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ። ቶርኖም ሞርሳም አለኝና ማሽኑን አስመጥቼ ብሠራበትስ?

አይሆንም፣ ልጄ። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሥራ ላይ ስላለ፣ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በወንጀል ያስጠይቃል፤ የእጅ ሙያህም የሥራ ቤትህም ይህን አይለውጠውም። በምኒልክ ዘመን ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይዘዋወር እንደነበር አያቶቻችን ነግረውናል፤ ያ ዘመን አልፏል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ለሚኖሩ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አንድ ሰው ለራሱ የሚተኩሰውን ጥይት ሲሞላ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሽያጭ የሚሠራ ግን ዓይነት 06 የሚባለውን የጥይት አምራች ፈቃድ ማውጣት አለበት። የየግዛቱን ሕግና የቤት ኪራይ ውልን ማንበብ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮግሬሲቭ የሚባለው ከተራው ፕሬስ በምን ይለያል?

ተራው፣ ማለትም ባለ አንድ ጣቢያው ፕሬስ፣ እንደ አንድ ምጣድ ነው። መቶ ቀለህ ካለህ መቶውንም በመጀመሪያው ዳይ ታሳልፋለህ፤ ከዚያ ዳዩን ፈትተህ ሌላ ታስገባና መቶውን እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ። በፕሮግሬሲቭ ፕሬስ ላይ ግን ቀለሆቹ በሚሽከረከር ሳህን ዙሪያ ተደርድረው ስለሚቆሙ፣ እጀታውን አንድ ጊዜ ስትጎትት አንዱ ቀለህ የድሮ ፕራይመሩ ወጥቶ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ሌላው አዲስ ፕራይመር ይገባለታል፣ ቀጣዩ ባሩድ ይሰፈርለታል፣ ከእርሱ የሚቀጥለው አረር ይቀመጥለታል፣ የመጨረሻው አፉ ይጠብቅና ተጠናቅቆ ወደ ሣጥኑ ይወድቃል። ሳህኑ አንዴ ከሞላ በኋላ በየጉተታው አንድ ጥይት ይወጣል። ባለ አንድ ጣቢያው በሰዓት ከሃምሳ እስከ መቶ ሲሰጥ፣ ፕሮግሬሲቩ ብዙ መቶዎችን ይሰጣል።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። በአንድ ቅጽበት አራትና አምስት ሥራ ስለሚከናወን፣ ዓይንህ አራትና አምስት ቦታ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ በገበያ ላይ ካሉት የቱን ልግዛ? ገንዘብ አጠራቅሜያለሁና ትልቁን ልግዛ ብዬ አስቤያለሁ።

ትልቁን ከመግዛትህ በፊት ሁለት ነገር ራስህን ጠይቅ፦ በወር ስንት ጥይት ትተኩሳለህ? ስንት ዓይነት ካሊበር፣ ማለትም የጥይት መጠን፣ ትሞላለህ? በወር ከሁለት መቶ የማይበልጥ የሚተኩስ ሰው ባለ አራት ቀዳዳ ተሬት ፕሬስ ይበቃዋል፤ ዳዮቹ በአንድ ክብ ራስ ላይ ታስረው ስለሚቆዩ መፍታትና ማሰር አይኖርበትም፤ የሚሠራውም በአንድ ቀለህ ላይ ብቻ ስለሆነ ጀማሪው የእያንዳንዱን እርምጃ ስሜት በእጁ ይማራል።

ከዚያ በላይ ለሚተኩስ ሰው፣ እኔ ዲሎን የሚባለው ድርጅት የሚሠራውን አርኤል 550 አስቀድማለሁ። አራት ጣቢያ አለው፤ ሳህኑን የምታሽከረክረው በአውራ ጣትህ ነው፤ የተለመዱትን ባለ 7/8-14 ጥርስ (7/8 ኢንች ውፍረት፣ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ) ዳዮች ይቀበላል፤ ከሽጉጥ ወደ ጠመንጃ ጥይት መለወጡም አያስቸግርም። የዚያው ድርጅት ኤክስኤል 750 አምስት ጣቢያ ኖሮት ሳህኑን ራሱ ያሽከረክራል፤ አምስተኛው ጣቢያ የባሩዱን ከፍታ የሚቆጣጠር ዳይ ለመጨመር ያስችላል፤ ይህም በእኔ አስተያየት ከፍጥነቱ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ስኩዌር ዲል ቢ የሚባለው ደግሞ የሽጉጥ ጥይት ብቻ የሚሠራና የራሱን ልዩ ዳይ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ነገ ወደ ጠመንጃ ጥይት እሸጋገራለሁ የሚል ሰው ባይገዛው ይሻላል። ሆርናዲ ሎክ ኤን ሎድ ኤፒ አምስት ጣቢያ ያለው ሲሆን፣ ዳዩ በትንሽ ዙር የሚገባና የሚወጣ ማቀፊያ ስላለው ካሊበር ለመለወጥ ቀላል ነው፤ ሳህኑም እጀታው ሲወርድ ግማሽ፣ ሲመለስ ግማሽ ስለሚዞር እንቅስቃሴው ለስላሳ ነው፤ ባሩድ በተሰፈረለት ቀለህ ውስጥ ያለው ዱቄት ሲበተን አይታይም። ሊ የሚባለው ድርጅት ማሽኖች በዋጋ ከሁሉም ያንሳሉ፤ ነገር ግን ማሽን መነካካት ለሚወድና ትዕግሥት ላለው ሰው ናቸው።

ስለ ፍጥነት የሚነገረውን አትስማ። ጀማሪ ሳህኑን በእጁ የሚያዞርበትን ማሽን ቢይዝ፣ ማሽኑ ራሱ ዝግ እንዲል ያስገድደዋል።

ጥያቄ፦ የክላሽ ቀለህ መሙላት ይቻላል? በተኩስ ሜዳው በነጻ ይገኛል።

አብዛኛው የብረት ቀለህ ነው፤ ፕራይመሩም በርዳን የሚባለው ዓይነት ስለሆነ የእሳት ቀዳዳው አንድና መካከለኛ ሳይሆን ሁለት ትንንሽና ጎን ለጎን ያሉ ናቸው። የተለመደው የማስወጫ መርፌ የሚገባበት ስለሌለ ይሰበራል። እዚያው ተወው። ፕራይመሩ ቦክሰር የሚባለው ዓይነት የሆነ፣ አንድ ቀዳዳ ያለው የናስ ቀለህ ብቻ ሰብስብ። የወታደር 9 ሚሊ ሜትር ቀለህም ብዙ ጊዜ የፕራይመሩ ጎድጓዳ ጠርዝ ተጨፍልቆ የተቆለፈ ስለሆነ፣ ያንን ጠርዝ ሳታስተካክል አዲስ ፕራይመር አይገባም፤ በግድ ብትገፋው ሊፈነዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛው ምን ዓይነት ይሁን?

የማይነቃነቅ። ማሽኑን በእንጨት ብሎን ሳይሆን፣ ጠረጴዛውን በስቶ በሚያልፍ ቡሎን፣ ከታች ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ አድርገህ እሰረው፤ ጠረጴዛውንም ከግድግዳው ጋር አያይዘው። ጠረጴዛው በተነቃነቀ ቁጥር መስፈሪያው የሚጥለው የባሩድ መጠን ይለዋወጣል። ከላይ ደግሞ ብርሃን ቀጥታ ወደ ቀለሁ አፍ የሚያበራ መብራት ስቀልበት፤ ከገዛኋቸው ተጨማሪ ዕቃዎች ሁሉ በዋጋ ትንሹ፣ በጥቅም ትልቁ እርሱ ነበር።

ጥያቄ፦ ዳዮቹን በምን ቅደም ተከተል ላስተካክል? ሦስት ጊዜ ሞክሬ ጥይቱ አንዴ ረጅም፣ አንዴ አጭር ይሆንብኛል።

የሁሉም ጀማሪ ጥያቄ ስለሆነ በዝርዝር እመልሳለሁ። በመጀመሪያ ባሩድም ፕራይመርም ከማሽኑ ላይ ይነሡ። አንድ ቀለህ ብቻ ይዘህ ጣቢያዎቹን በየተራ አስተካክል። እጀታውን እስከ መጨረሻው ጎትተህ ሳህኑ ከፍ እንዳለ ያዘው፤ የመጀመሪያውን ዳይ ሳህኑን እስኪነካ ድረስ በእጅህ አውርደው፤ ከዚያ መቆለፊያ ዳዶውን አጥብቅ። ለሽጉጥ ጥይት ካርባይድ ዳይ (ውስጡ እጅግ ጠንካራና ለስላሳ የሆነ ዳይ) ከገዛህ ቀለሁን መቀባት አያስፈልግም፤ አንገት ላለው የጠመንጃ ቀለህ ግን ቅባት የግድ ነው፤ አለበለዚያ ቀለሁ ዳዩ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል።

ሁለተኛው የቀለሁን አፍ የሚከፍተው ነው። አረሩን በጣትህ ብታስቀምጠው ሳይወድቅ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ብቻ ክፈተው፤ ከዚያ ካለፈ ናሱ ቶሎ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው አረሩን ወደ ጥልቀቱ የሚያወርደው ሲሆን፣ በካሊፐር እየለካህ ቀስ በቀስ ዝቅ አድርገው፤ ለ9 ሚሊ ሜትር የተፈቀደው ከፍተኛ አጠቃላይ ርዝመት 29.69 ሚሊ ሜትር ነው፤ የምትከተለው የአሞላል መጽሐፍ ለአረርህ ዓይነት የሚሰጥህን ልክ ግን አስቀድም፤ አረሩ ከልኩ በላይ ከጠለቀ ግፊቱ ይጨምራልና። የመጨረሻው አፉን መልሶ ይዘጋል። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት በመሣሪያው ውስጥ የሚቆመው በቀለሁ አፍ ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ቀደም ሲል የተከፈተውን አፍ ቀጥ ማድረግ እንጂ ወደ አረሩ ውስጥ ማጠፍ አይገባም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። አንድ ቀለህ ይዘህ ያስተካከልከው ሁሉ፣ ሳህኑ ሲሞላ ይለወጣል፤ አራት ዳዮች በአንድ ጊዜ ወደ ታች ሲገፉ ሳህኑ በጥቂቱ ዘንበል ስለሚል። ስለዚህ የመጨረሻውን ልክ የምትወስደው ሁሉም ጣቢያዎች በቀለህ ተይዘው ሳለ ነው። የሳህኑን መካከለኛ ቡሎንም እይ፤ ከላላ ፕራይመሩ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ከጠበቀ ሳህኑ አይዞርም። ሳህኑ በነጻነት እየዞረ ወደ ላይና ወደ ታች የማይጫወትበትን ቦታ ፈልገህ፣ የጎኑን መቆለፊያ ብሎን አጥብቅ።

ጥያቄ፦ የባሩድ መስፈሪያውን ምን ያህል ላምነው?

ሚዛን እስካለህ ድረስ ብቻ። ለሽጉጥ የሚሰፈረው ባሩድ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ግራም በታች ነው፤ በግሬን ይቆጠራል፤ 1 ግሬን 0.0648 ግራም ነው። መስፈሪያውን ሞልተህ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ስፍሮች ወደ ጠርሙሱ መልስ፤ ከዚያ አሥር ስፍር በአንድነት መዝነህ ለአሥር አካፍል። በሥራ መካከልም በየሃምሳው አንድ አውጥተህ መዝን። መጠኑን ከመጽሐፉ ውሰድ፤ ከዝቅተኛውም ጀምር። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥ።

እኔን የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ማታ በእጅ በሚዞረው ማሽኔ ላይ ስሠራ ስልክ ጠራ። እጀታውን በመመለሻው ላይ ትቼ ሄድኩ፤ ስመለስ ሳህኑን ማዞሬን ስላላስታወስኩ እንደገና አዞርኩት፤ አንድ ቀለህ ባሩድ ሳይሰፈርለት አለፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በተኩስ ሜዳ ላይ ሽጉጤ «ጷ» ከማለት ይልቅ የጣት ፉጨት የምታህል «ጢስ» አለ። ሌላ ልተኩስ ጣቴን ስመልስ አጠገቤ የቆመው ሰው ክንዴን ያዘኝ። አፈሙዙን ፈትተን ብናይ፣ አረሩ በፕራይመሩ ኃይል ብቻ ተገፍቶ መካከል ላይ ተሰንቅሯል። ቀጣዩን ብተኩስ ኖሮ አፈሙዙ ይፈነዳ ነበር። ሳላዞረው ቀርቼ ቢሆን ደግሞ በአንዱ ቀለህ ሁለት ስፍር ይገባበት ነበር፤ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ አንዳንዱን ባሩድ ሁለት እጥፍ ተሰፍሮበት ሳይፈስ ይይዛልና በዓይን ካልታየ አይታወቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመካከል ከተነሣሁ፣ ሳህኑ ላይ ያለውን ሁሉ አውጥቼ ባሩዱን ወደ ጠርሙሱ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከሚኒሶታ ነው የምጠይቅዎት። ባለቤቴ ይህን ሥራ በምድር ቤት ጀምሯል፤ ትንንሽ ልጆች አሉን። ምን ልፍራ?

እኅቴ፣ ከባሩዱ ይልቅ እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ፍሪ። የተተኮሰ ፕራይመር ጥላሸት እርሳስ አለበት፤ ቀለሁ በደረቅ ማጽጃ ማሽን ሲታሽ ያ ጥላሸት አቧራ ሆኖ ይነሣል። ማሽኑ ከቤት ውጭ ይሁን፣ ወይም ቀለሁ በውኃ ይታጠብ፤ ምንጣፍ ባለበት ክፍል አይሠራ፤ ባለቤትሽ ልጆቹን ከማቀፉ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የሥራ ልብሱም ከልጆቹ ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ። ልጆቹን ለሐኪም ስታሳዩ የደም እርሳስ ምርመራ ጠይቂ። ፕራይመር የሚጫንበት ቱቦ እስከ መቶ ስለሚይዝ፣ በሚጭንበትም በሚሠራበትም ጊዜ መነጽር ያድርግ፤ ማሽኑ አልገባ ሲል በኃይል መግፋት የለበትም። ባሩዱ ከመጣበት ጠርሙስ ሳይወጣ በተቆለፈ የእንጨት ሣጥን ይቀመጥ፤ የታፈነ የብረት ካዝና እሳት ቢነሣ ግፊቱን ስለሚያፍነው አይመረጥም። በአሜሪካ የእሳት አደጋ መመሪያ በመኖሪያ ቤት ያለ ተጨማሪ ሣጥን የሚፈቅደው እስከ 20 ፓውንድ ባሩድ ነው፤ ፕራይመር ደግሞ እስከ 10,000።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ማሽን የት ደረሰ? ይሸጡልኛል?

አልሸጠውም። ዴንቨር በሚኖር የሚስቴ ወንድም ጋራዥ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ እንደታሰረ ነው። ባለፈው ደውሎ «ሳህኑ ከበደኝ» ሲለኝ፣ በፕራይመሩ መንገድ ላይ የፈሰሰ ባሩድ ካለ በብሩሽ እንዲያወጣው ነገርኩት። አውጥቶ ዞረለት።