«ስጾም ሌላውን እንቃለሁ፤ ጾሜን ልተው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ፣ አሁንም እዚያው አገለግላለሁ። ረቡዕና ዓርብን አልሽርም፣ አሥራቴንም አወጣለሁ። ግን አንድ ነገር ሰላም ነሳኝ። ቅዳሴ አርፍዳ የምትመጣ ሴት ሳይ፣ የቢሮ ጓደኞቼ ዓርብ ቀን ጥብስ ሲያዝዙ ሳይ፣ በውስጤ እንቃቸዋለሁ። «እኔስ ተመስገን» እላለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ ደግሞ «ኧረ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» እላለሁ፣ ግን ደስ ይለኛል። እንዲህ ከሆነ ባልጾም አይሻልም?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ጾምሽን እንዳትተዪ።

በሽታሽን ግን በደንብ አይተሽዋል። ስካርና ስርቆት ቢያንስ ያሳፍራሉ፣ ሰው ተደብቆ ነው የሚያደርጋቸው። ትዕቢት ግን ቀለቡ መልካም ሥራችን ነው። ስትጾሚ አብሮሽ ይጾማል፣ ስትሰግጂ አብሮሽ ይሰግዳል። ሳጥናኤል የወደቀው ሰክሮ ወይም ሰርቆ አይደለም፤ የመላእክት አለቃ ሆኖ ነው።

ሉቃስ 18ን፣ ፈሪሳዊውና ቀራጩ (ቀረጥ ሰብሳቢው) ሊጸልዩ ወደ መቅደስ የወጡበትን ምሳሌ፣ ዛሬ ማታ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ያ ፈሪሳዊ አልዋሸም። በሳምንት ሁለት ጊዜ እጦማለሁ፣ አሥራት አወጣለሁ ያለው እውነቱን ነው። እኛም እኮ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምንጾመው፣ ስለዚህ «የፈሪሳውያን ነገር» ብለን ልናልፈው አንችልም። ጸሎቱ «አመሰግንሃለሁ» የሚል ቃልም አለበት፣ ልክ እንዳንቺ «እኔስ ተመስገን»። የተበላሸው ዓይኑን ከአምላኩ አንሥቶ በሩቅ ወደ ቆመው ቀራጭ ያዞረ ጊዜ ነው። ጌታ የነቀፈው ጾሙን አይደለም፣ ያንን አስተያየት ነው።

ይኼን የምልሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ቅኔ ቤት ሳለሁ አንድ ቀን የዘረፍኩት ጉባኤ ቃና፣ ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ፣ ተወደደልኝ። ከእኔ ቀጥሎ የተነሣው ልጅ ግን ቤት አልመታለትም። ፈገግ አልኩ። ሳቅ እንኳ አልነበረም፣ ከንፈሬ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፣ የኔታ ግን አይተውኛል። ምንም አልተናገሩኝም። በማግስቱ ለፊደል ቆጣሪዎቹ ውኃ እንድቀዳ አዘዙኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ የታኅሣሥን ውርጭ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ የጀሪካኑ እጀታ ጣቴ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዳገቱ ላይ ቆሜ እጄን በትንፋሼ ሳሞቅ፣ ያ ቤት ያልመታለት ልጅ መጣና አንዱን ጀሪካን አንሥቶ ቀድሞኝ ሄደ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያን ቀን የተማርኩትን ያህል በቅኔው አልተማርኩም።

የሀገራችንን ጻድቅ፣ የቡልጋውን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ተመልከቺ። ገድላቸው እንደሚነግረን፣ ቅስና ተቀብለው፣ ብዙ ሕዝብ አስተምረውና አጥምቀው ነው በኋላ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ገብተው ከአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ደቀ መዝሙር የሆኑት። መምህር ከተባሉ በኋላ! እኛ አንድ ጉባኤ ላይ ከሰበክን በኋላ ከኋላ መቀመጥ ይከብደናል።

አሁን ወደ ኑሮሽ እንምጣ። ያቺን አርፍዳ የምትመጣ ሴት ሌሊቱ እንዴት እንደነጋላት አታውቂም። በሚቀጥለው እሑድ ስትመጣ ጠጋ በዪላት፣ ከብርዱ የተከለልሽበትን ጥግ ልቀቂላት። ለሰው ቦታ የለቀቀ ልብ ያንን ሰው ለመናቅ ይቸገራል። ጌታ እኮ በጸሎተ ሐሙስ የይሁዳንም እግር አጥቧል፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ እያወቀ።

ቢሮ ውስጥ «ለምን አትበዪም?» ካሉሽ «ጾም ነው» በዪ፣ በቃ። ስብከት አትጨምሪበት፣ ፊትሽንም አታጨማድጂ። ስትመጸውቺም «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ነው የተባልነው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ማንም የማያውቀው አንድ ሥራ ይኑርሽ፤ ሰንበቴ ሲወጣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ የቀረውን ድስት ማጠብ ሊሆን ይችላል፣ ለሌላ ሰው አልነግርም ካልሽ ለእኔም አትንገሪኝ። ለንስሐ አባትሽ ግን ይኼን የጻፍሽልኝን እንዳለ ንገሪያቸው፣ «በሐሳብ በድያለሁ» ብለሽ አታድበስብሺው። «እንትናን ንቄያለሁ» ማለት ያማል፣ መድኃኒቱም እዚያው ሕመሙ ላይ ነው። የሚሰጡሽን ቀኖና ተቀበዪ።

ሰው ሲያመሰግንሽ ምን ትያለሽ? «እግዚአብሔር ይመስገን» በዪና ወሬ ቀይሪ። «ኧረ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» የሚለውን ለጊዜው ተዪው። ሰውየው «አይ አንቺማ እንዲህ ነሽ» እንዲልሽ የምትጠብቂበት ከሆነ፣ ሁለተኛ ምስጋና መለመኛ ሆኗልና። እሱን ቃል ማታ በርሽን ዘግተሽ፣ መልስ የሚሰጥሽ ሰው በሌለበት በዪው።