የልጅነታችንን ከረሜላ ቤት ውስጥ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ለውዝ በስኳር፣ የሰሊጥ ከረሜላ፣ በእንጨት የሚመጠጠው ቀይ ከረሜላ፣ የድሬዳዋና የሐረር ሐላዋ፤ ስለ እነዚህ አሠራር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከአገር ቤትም ከውጭም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ጣፋጭ እየሠራሁ በመሸጥ ስለኖርኩ የማውቀውን ሳልደብቅ እመልሳለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ከረሜላ ማለት ውሃው ተንኖ ሊያልቅ የተቃረበ ስኳር ነው። ጠንካራ ወይም ለስላሳ የሚያደርገው ውስጡ የቀረው ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ለውዝ በስኳር ስሠራ ሽሮፑ ጥሩ እየፈላ ቆይቶ ድንገት ነጭ አሸዋ ይሆንብኛል። ምኑ ጋ ነው የምሳሳተው?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ይህ የሁሉም ጀማሪ ጥያቄ ነው። ስኳር ውሃው ሲቀንስበት ተመልሶ ስኳር መሆን ይፈልጋል። ድስቱ ጠርዝ ላይ ተለጥፋ የቀረች አንዲት ያልሟሟች ፍሬ ወደ ሽሮፑ ከወደቀች ሌላውን ሁሉ ትሰበስበዋለች። ስለዚህ ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አማስዪው፤ ከፈላ በኋላ ማንኪያ አታስገቢ። እንደፈላ ድስቱን ሁለት ደቂቃ ያህል ክደኚው፤ እንፋሎቱ ራሱ ጠርዙን ያጥበዋል።

ሁለተኛው መድኃኒት ሎሚ ነው። ኮምጣጣው ስኳሩን ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ስኳሮች ይከፍለዋል፤ እነዚህ በመካከል እየገቡ ፍሬዎቹ እንዳይያያዙ ያደርጋሉ። ፋብሪካዎች ለዚሁ ሥራ የግሉኮስ ሽሮፕ ይጨምራሉ፤ እኛ ሎሚ ይበቃናል።

መጠኑ ይኸውልሽ፦ 2 ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 2 ኩባያ ተቆልቶ የተፈተገ ለውዝ። የባቢሌ ለውዝ ካገኘሽ እሰየው። ለውዙን ምድጃው አጠገብ አሙቂው፤ ቀዝቃዛ ለውዝ ሽሮፑን ባንዴ ያደርቀውና ሳይዳረስ ይቀራል። ሽሮፑ የማር መልክ ሲይዝ ለውዙን ጨምረሽ ቶሎ አማስዪ፣ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ገልብጪ፣ ዘይት በነካው መዳመጫ ዳምጪ። ገና ሞቅ እያለ በቢላ መሥመር አውጪበት፤ ከቀዘቀዘ እንደፈለገ ይሰበራል እንጂ ቅርጽ አይወጣለትም። ሳሳ ብሎ በጥርስ የሚደቅ ከፈለግሽ ከማውጣትሽ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሺበት፤ አረፋ ያነሳና ውስጡን ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ በላከችልኝ አሠራር 150 ዲግሪ ሲደርስ አውጪ ይላል። እሷ በዚያው ቁጥር አሳምራ ታወጣለች፤ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስሞክረው ጠቁሮ ይመርብኛል። ቴርሞሜትሬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቴርሞሜትርሽ ደህና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው ቀድሞ ስለሚተን ሽሮፑም እያንዳንዱን ደረጃ በ8 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይደርሳል። እንደ እህትሽ ከተማ ለባሕር ጠለል በቀረበ ቦታ 150 ላይ የሚወጣ ከረሜላ አዲስ አበባ 142 ላይ መውጣት አለበት። አንቺ እስከ 150 ስትጠብቂው ከልክ በላይ ይደርቅና ማረር ይጀምራል። ባሕር ዳርና አዳማ ልዩነቱ 6 ዲግሪ ገደማ፣ ድሬዳዋ 4 ገደማ ነው። ስሌት የማትወጂ ከሆነ ንጹሕ ውሃ አፍልተሽ ቴርሞሜትሩ ስንት እንደሚል እይ፤ ከ100 የጎደለውን ከአሠራሩ ላይ ቀንሺ።

እኔ ግን ከቴርሞሜትር ይልቅ የቀዝቃዛ ውሃውን ፈተና አምናለሁ፤ በየትኛውም ከፍታ አይዋሽም። በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጠብታ ሽሮፕ ጣል አድርጊ። በጣትሽ ስትሰበስቢው እንደ ሊጥ ከተጠቀለለ ገና ለስላሳ ነው። ጠንክሮ ስትጎትቺው የሚለጠጥ ከሆነ ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ዓይነት ይወጣልሻል። ውሃው ውስጥ ክር ሆኖ ወርዶ ስታጥፊው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፤ ወዲያው አውርጂ። ስትሞክሪ ድስቱን ከእሳት ላይ አንሺው፤ መጨረሻ ላይ ሽሮፑ በሰከንዶች ውስጥ ነው የሚያልፈው።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው ያለሁት። ለልጆቼ የእኛን የልጅነት ከረሜላ ልሠራላቸው ብዬ በማግሥቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ሆነ።

መልስ፦ እህቴ፣ የባሕር ዳርቻ አየር እርጥበት አለው፤ ስኳር ደግሞ እርጥበት ይስባል። ሎሚውን ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀንሺ፤ ሲበዛ ከረሜላውን የበለጠ ውሃ ሳቢ ያደርገዋል። ቤቱ በኤሲ ደርቆ ሳለ ሥሪ፣ እንደቀዘቀዘ አንድ በአንድ ጠቅልዪ፣ በሚገጥም ጠርሙስ አስቀምጪ። አዲስ አበባም በክረምት ይኸው ችግር አለ።

ጥያቄ፦ የእንጨት ከረሜላውን ቀይ ቀለም ከየት ላምጣ? ጣዕሙስ?

መልስ፦ ለምግብ ተብሎ ያልተሠራ ቀለም፣ ገበያ ላይ በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ምንነቱ ሳይጻፍ የሚሸጠውን፣ ለልጅ በፍጹም አትስጡ። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። የቀይ ሥር ጭማቂ አፍልታችሁ በጣም ካወፈራችሁት በኋላ ድስቱ ከእሳት ወርዶ አረፋው ሲረግብ ጠብ አድርጉበት። ገና ሲፈላ ከገባ ግን ቡናማ ይሆናል። ለቢጫ ጫፍ የእርድ ዱቄት በቂ ነው።

ጣዕሙም ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው የሚገባው፤ አለዚያ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ደስታ ከረሜላን እያስታወሳችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። የፋብሪካውን ጣዕም ቁርጥ አድርጎ ማውጣት አይቻልም፤ ጥንካሬውንና ጥርት ያለ መልኩን ግን ከላይ ባልኩት መንገድ ታገኙታላችሁ። እኔ የዝንጅብል ጭማቂ የገባበትን እመርጣለሁ። ጭማቂው ውሃ ስለሆነ ግን ከመጀመሪያው ከስኳሩ ጋር አፍሉት፤ የሽታ ጠብታ ብቻ ነው መጨረሻ የሚጠብቀው።

ጥያቄ፦ ለጾም ይሆናል?

መልስ፦ ለውዝ በስኳርና የሰሊጥ ከረሜላ ትሪውን ዘይት እስከቀባችሁት ድረስ የጾም ናቸው። ወተትና ቅቤ የገባበት ቶፊ አይሆንም። እየተለጠጠ የሚበላው ጄሊ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጄላቲን አለበት፤ ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ስለሚወጣ ጿሚም ሙስሊምም ማሸጊያውን ማንበብ አለበት።

ጥያቄ፦ የሰሊጡን በማር ብቻ ልሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ፣ ግን በማር ብቻ ሲሠራ ይለሰልሳል። ማር ፍሩክቶስ ስለሚበዛው ከስኳር በጣም ቀድሞ ያርራል፤ እሳቱ ዝግ ይበል። ግማሽ ስኳር ግማሽ ማር ብታደርጊው ሎሚም አያስፈልገውም፣ ሲሰበርም ቀጭ ይላል። ሰሊጡ ነጩ የሁመራው ቢሆን ደስ ይለኛል። ለብቻው አመስ አመስ አድርጊው፤ መንጠር ሲጀምር ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የጥጥ ከረሜላስ?

መልስ፦ የሚሽከረከር ማሽን ይፈልጋል። በእጅ አይሞከር።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። ሐላዋው ናፈቀኝ፤ ስሠራው ግን አጥሚት ሆኖ ቀረ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቶሎ አውርደኸዋል። 2 ኩባያ ስኳር በ2 ኩባያ ውሃ አፍላ። ግማሽ ኩባያ ኮርን ስታርች በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ እያማሰልክ ጨምር። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የክንድ ነው፤ የተነጠረ ቅቤ በማንኪያ እየጨመርክ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳታቋርጥ ታማስለዋለህ። መጀመሪያ ነጭ ሙቅ ይመስላል፣ ቀጥሎ ይጠራል፣ በመጨረሻ ያብረቀርቅና ከድስቱ ጎን እየለቀቀ አንድ ላይ ይዞራል፣ ቅቤውንም መልሶ መትፋት ይጀምራል። ያኔ የተፈጨ ሄልና ትንሽ ገውዝ ጨምረህ አውርድ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ አብረውኝ መሥራት ይፈልጋሉ። የስምንትና የአሥር ዓመት ናቸው።

መልስ፦ ለውዝ ይፈትጉ፣ ሰሊጥ ይልቀሙ፣ ከረሜላ ይጠቅልሉ። ምድጃው ጋ ግን አይጠጉ። ትኩስ ስኳር ከፈላ ውሃ እጅግ ይበልጥ ይሞቃል፤ ቆዳ ላይ ሲወድቅም ስለሚጣበቅ ማቃጠሉን አያቆምም። ስትሠሪ ቀዝቃዛ ውሃ በሳፋ አጠገብሽ ይኑር። ከነካችሁ ቶሎ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ ከዚያ በሚፈስ ውሃ ስር 20 ደቂቃ ይቆይ። የተጣበቀውን አትላጡ፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡ። ውሃ ከቋጠረ ወይም ፊት ከሆነ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ጥያቄ፦ ድስቱን ምን ላድርገው? በብረት ሽቦ ፍቄ ፍቄ ደከመኝ።

መልስ፦ አትፈግፍጊው። ውሃ ሙዪበትና መልሰሽ ጣጂው፤ ሲፈላ የተጣበቀው ሁሉ ይሟሟል። ማማሰያውንም እዚያው ውስጥ ጨምሪው።