መልስ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ በየጎፍ ተራራ፣ ያለ መንገድና ያለ መሪ

ወንድሜ፣ መንገድ ሳትከተል ከደሴ ተነስተህ በየጎፍ በኩል በአንድ ቀን ኮምቦልቻ መግባት ይቻል እንደሆነ፣ 2 ሊትር ውሃም ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሃል። ውሃው አይበቃም፣ 4 ሊትር ያዝ።

ቀኑን በኪሎ ሜትር ብቻ አትለካው። በጥርጊያ መንገድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው፣ ቁጥቋጦና ድንጋያማ ተዳፋት ላይ 2 ከሄደ ደህና ነው። ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት 1 ሰዓት ጨምርበት። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሳ፤ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት የመጨረሻው ሸንተረር ላይ ካልወጣህ በመጣህበት ተመለስ።

ደሴ ወደ 2,500፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ መውረዱ ቀላል ይመስላል። ሰው የሚጎዳው ግን እዚያ ነው! ከላይ ሲታይ ለጥ ያለ ተዳፋት ከሥሩ ገደል ይደብቃል። የከፍታ መስመሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) በየ20 ሜትር ከፍታ የተሰመሩበት ካርታ ደግሞ የ15 ሜትር ገደልን ላያሳይህ ይችላል። ስለዚህ የምትወርድበትን የተራራውን ጎን ከጉዞው በፊት ኮምቦልቻ በኩል ቆመህ እየው፣ ፎቶ አንሳው። በምንም ምክንያት የጅረት መውረጃ ተከትለህ አትውረድ፤ ፏፏቴ አናት ላይ ያደርስህና መውጫም መውረጃም ታጣለህ። ሸንተረሩን ያዝ።

ሐምሌና ነሐሴ አይሞከርም። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ይሻላል፤ የማንንም ቡቃያ አትረግጥም። መታወቂያህን ያዝ፣ የአካባቢውን ፀጥታ ከየቀበሌው ጠይቅ፣ የመድረሻ ሰዓትህንም ለቤተሰብ ንገር።