በለንደን የክለብ መንፈስ ባለው ሆቴል ማደር ለዋጋው ይመጥናል ወይ?

ሰላም ለዚህ ቤት። እህታችን የጋብቻ በዓላቸውን ከባለቤታቸው ጋር ለንደን ለማክበር ማሰባቸውን ገልጸው፣ የድሮ የእንግሊዝ ክለብ (ባለጸጎች በአባልነት የሚሰባሰቡበት የግል ቤት) መንፈስ አላቸው የሚባሉት ትንንሽ የቅንጦት ሆቴሎች ለሚጠይቁት ገንዘብ ይመጥኑ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ያረፍኩት ከግሪን ፓርክ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቀው ስታፎርድ ሆቴል ስለሆነ መልሴ በዋናነት እሱን ይመለከታል። ገንዘቡ የሚከፈለው ለመኝታ ክፍሉ ሳይሆን ከክፍሉ ውጭ ላለው ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተማ ሲዞሩ ውለው ለመተኛት ብቻ የሚመለሱ ከሆነ ሌላ ቦታ ቢያድሩ ይሻላል።

ሆቴሉ ያለበት የሴንት ጄምስ ሰፈር የክለቦች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1693 የተመሠረተው ዋይትስ፣ በ1762 የተመሠረተው ቡድልስና በ1764 የተመሠረተው ብሩክስ የተባሉት ክለቦች ዛሬም እዚያው በሴንት ጄምስ ጎዳና ላይ አሉ። ይሁን እንጂ አባል ያልሆነ ሰው አባል ካልጋበዘው አይገባባቸውም፤ ዋይትስማ እስካሁን ሴቶችን በአባልነት አይቀበልም። እኛን መሰሉ መንገደኛ ያንን የቆዳ ወንበር፣ የእሳት ምድጃና ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያነጋግር አስተናጋጅ ሊያገኝ የሚችለው እንግዲህ በሆቴሎቹ በኩል ነው።

የስታፎርድ ልዩነት አሜሪካን ባር በሚባለው ክፍሉ ይታያል። እኔ በገባሁበት ጊዜ ከጣሪያው ላይ ኮፍያዎች፣ ክራባቶችና የአውሮፕላን ሞዴሎች ጥቅጥቅ ብለው ተንጠልጥለው፣ ግድግዳው ደግሞ በፎቶግራፍ ተሸፍኖ ነበር፤ አብዛኛው ደንበኞች ትተውት የሄዱት ስጦታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ከአርበኞቹ ጋር የተዋጉት ናንሲ ዌክ በእርጅና ዘመናቸው በዚህ ሆቴል ይኖሩ የነበረ ሲሆን፣ ባሩም የዘወትር መቀመጫቸው ነበር። ከሥር ያለው ጥንታዊ የወይን ጠጅ ጓዳ በጦርነቱ ጊዜ ከአየር ድብደባ መሸሸጊያ ሆኖ አገልግሏል፤ እንዲያሳዩዎት መጠየቅን አይርሱ።

ይህን የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የክለብ መንፈስ አላቸው የሚባሉት ሁሉ እውነተኛ አይደሉም። ስሙን በማልጠቅሰው ሌላ ሆቴል፣ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ ለመሳብ ስሞክር የመጻሕፍቱ ጀርባ ብቻ ተቆርጦ እንጨት ላይ የተለጠፈ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዋጋው ግን የእውነተኛው ያህል ነበር።

ወደ ክፍሎቹ ስንመጣ፣ ዋናው ሕንፃ የድሮ መኖሪያ ቤት ስለነበረ ሰፊ ክፍል አይጠብቁ። በግቢው ማዶ ያለው ካሪጅ ሃውስ ቀድሞ የፈረስ ጋጥ የነበረ ሲሆን፣ እኔ ብጠየቅ ለጸጥታው ስል እሱን እመርጣለሁ፤ ግቢው ድንጋይ የተነጠፈበት ስለሆነ ግን ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ ያስቸግራል።

ለአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከ500 ፓውንድ በላይ ይጠየቃል። እንደ አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ቫቱ መጨረሻ ላይ አይደመርም፤ 20 በመቶው ዋጋው ውስጥ ገብቷል። በምግብና በመጠጥ ሒሳብ ላይ ግን ለንደን ውስጥ ብዙውን ጊዜ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ስለሚጨመር፣ ይህ ተጨምሮ ከሆነ በላዩ ሌላ ጉርሻ መስጠት አያስፈልግም። ቁርስ መካተቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። የእንግሊዞች ቁርስ በእንቁላልና በአሳማ ሥጋ ላይ የቆመ ነውና፣ ጉዟችሁ በጾም ወቅት ከዋለ ቦታ ሲይዙ ቪጋን መሆናችሁን፣ ማለትም ቅቤ፣ ወተትና እንቁላልም እንደማትበሉ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ቢናገሩ ከፍራፍሬና ከዳቦ ያለፈ ነገር ላያገኙ ይችላሉ። ስለ አለባበስ ብዙ አይጨነቁ፤ ለባለቤትዎ አንድ ደህና ኮት በቂ ነው።

ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ከገና በኋላ ያሉትን የጥርና የየካቲት ሳምንታት፣ በተለይም የእሑድን ሌሊት ተመልከቱ፤ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ የሚለው ያኔ ነው፤ ባሩም ውስጥ መቀመጫ በቀላሉ ይገኛል።